የጀልባ ሞተር ዘንግ ርዝመት አመራረጥና አረዛዘም

የጀልባ ሞተር ሲገዛ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚጠየቀው የፈረስ ጉልበቱና ዋጋው ነው። የዘንጉ ርዝመት ግን የሚታወሰው ሞተሩ ጀልባው ላይ ከታሰረ በኋላ ነው። ርዝመቱ ከጀልባው ጋር ካልተስማማ የቱንም ያህል ጉልበት ያለው ሞተር በማዕበል መካከል አየር እየቀዘፈ ይቀራል፤ አለዚያም ጥልቀት በሌለው ውሃ ከአለት ጋር ይላተማል። በጣና ሐይቅ ሁለቱም አደጋዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

ከጀልባ ኋላ የሚታሰረው፣ በተለምዶ አውትቦርድ የሚባለው ሞተር ከላይ ራሱ ሞተሩ፣ ከታች ጥርሶቹና ፕሮፔለሩ፣ በመካከላቸው ደግሞ ኃይሉን ወደ ታች የሚያወርደው ቀጥ ያለ ዘንግ አለው። አምራቾች በተለመዱ ልኮች ያቀርቡታል፤ አጭሩ 15 ኢንች ወይም 38 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 20 ኢንች ወይም 51 ሳንቲ ሜትር፣ እጅግ ረጅሙ ደግሞ 25 ኢንች ወይም 64 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሮቹ የብረቱን ዘንግ ሳይሆን ሞተሩ የሚስማማውን የጀልባ የኋላ ግድግዳ ከፍታ የሚያመለክቱ ናቸው። ትክክለኛው ልክ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ስለሚለያይ በስያሜው ብቻ መተማመን አይገባም።

አለካኩ አስቸጋሪ አይደለም። በጀልባው በኩል ሞተሩ ከሚንጠለጠልበት የግድግዳው ጠርዝ አንስቶ በመካከል በኩል እስከ ጀልባው ሆድ የታችኛው ገጽ ድረስ ቀጥ ተብሎ ይለካል። በሞተሩ በኩል ደግሞ ጠርዙ ላይ ከሚያርፈው የማሰሪያው ክፍል እስከ ፕሮፔለሩ አናት ላይ ወዳለው ጠፍጣፋ ሳህን ይለካል። የሳህኑ ተግባር ፕሮፔለሩ ከውሃው ገጽ አየር እንዳይስብ መከላከል ነው። ለፈጣንና ቀላል ጀልባ ሳህኑ ከሆዱ ጋር ትክክል ወይም ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል በቂ ሲሆን ከዚያ በላይ ቢወርድ ውሃ ይጎትታል፤ ነዳጅም ያባክናል።

ለትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ግን ስሌቱ ይለያል። ይህ ዓይነቱ ጀልባ ሞተር የሚፈልገው ነፋስ ሲጠፋና ወደብ ሲገባ ነው። አካሄዱም ዝግ ያለ፣ ውሃውን እየሰነጠቀ እንጂ ከላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ አይደለም። ፊቱ ወደ ማዕበሉ ሲያዘቀዝቅ ኋላው ይነሣል፤ ፕሮፔለሩም ከውሃ ይወጣል። አንድ ሰው መልሕቅ ሊጥል ወደ ፊት መሄዱ ብቻ ኋላውን ሊያነሣው ይችላል። በመሆኑም ለባለ ሸራ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ወይም እጅግ ረጅሙ ዘንግ የሚመረጥ ሲሆን፣ ጀልባው ቆሞ ሳለ ሳህኑ ከውሃው ገጽ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጠልቆ መገኘት ይኖርበታል።

በጣና ነባሩ መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው፤ ሞተር የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳም የለውም። ሞተር ያላቸው የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ከናይለን መረብ ጋር የገቡት በ1970ዎቹ መጨረሻ በጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም አማካይነት ነበር። ሐይቁ ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ቢኖረውም ከፍተኛ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ማዕበሉ ስለሚነሣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚወስዱ ጀልባዎች ጠዋቱን ይመርጣሉ። በዚህ ሰዓት አጭር ዘንግ ጉድለቱ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ተሳፋሪ ጭኖ በማዕበል ሲመለስ ነው።

ረጅም ዘንግም የራሱ ጣጣ አለው። የሐይቁ ውሃ ክረምቱ ሲያበቃ ከፍ ብሎ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። በሰኔ 1995 ዓ.ም በድርቅና ለኃይል ማመንጫ በተለቀቀው ውሃ ምክንያት የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ 784 ሜትር በመውረዱ መርከቦች ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። በመስከረም ያለ ችግር የሚያልፍ ፕሮፔለር በሰኔ አለት ሊመታ ይችላል። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ የታወቀው እምቦጭም ሥሩ ፕሮፔለሩን ይጠመጥማል፤ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውንም ይደፍናል።

ሌላው ግራ የሚያጋባ ጉዳይ የቦታው ከፍታ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ጣና ላይ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የሚሰጠው ከ12 ብዙም አይበልጥም። ሞተሩን አዲስ አበባ ገዝቶ፣ እንበል ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ በሆነው ስድስት ኪሎ፣ ውሃ በሞላ በርሜል የሚሞክር ሰው ደግሞ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣ ሞተር ነው የሚያየው። በርሜሉ ሞተሩ መነሣቱንና የማቀዝቀዣ ውሃ መትፋቱን ያሳያል፤ ስለ ዘንጉ ርዝመት ግን የሚነግረው ነገር የለም። ሁለቱን ችግሮች ለመለየት ድምፁን ማዳመጥ ይጠቅማል። ከፍታ ያደከመው ሞተር ነዳጅ እስከ መጨረሻው ቢሰጠውም ዙሩ አይሞላም፤ ለዚህ መፍትሔው ውሃን በመጠኑ የሚገፋ፣ ክንፉ ያልተጋደመ ፕሮፔለር ነው። ዘንጉ ያጠረው ግን በድንገት ዙሩ ይንራል፣ ይጮኻል፤ ጀልባው ግን አይሄድም።

ዘንጉ አጭር ሆኖ ከተገኘ በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ከኋላ ግድግዳው ላይ የሚታሰር፣ ከፍና ዝቅ የሚል ማንጠልጠያ ነው። ሞተሩ ሳይፈታ በማዕበል ጊዜ ዝቅ፣ በጎደለ ውሃ ላይ ከፍ ማድረግ ስለሚቻል ለጣና ከሌሎቹ ይልቅ ተስማሚ ነው። ይሁንና ክብደቱን ከጀልባው ስለሚያርቀው ግድግዳው ከውስጥ በጠንካራ ጣውላ መደገፍ አለበት። ሁለተኛው አምራቹ ለዚያው ሞዴል በሚያቀርበው የማራዘሚያ ዕቃ መጠቀም ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 5 ኢንች ወይም 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። የመካከሉ ቤት ብቻውን አይረዝምም፤ ዘንጉ፣ የማርሽ መቀየሪያው ብረትና የማቀዝቀዣ ውሃ ቱቦውም አብረው መርዘም አለባቸው። ዘንጉን ቆርጦ በብየዳ መቀጠል ግን ፈጽሞ አይመከርም። ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል፤ በጥቂቱ የተዛባ ዘንግም ኩሽኔታውን ይበላል፤ ስብራቱም የሚደርሰው ጭነቱ በከበደበት ሰዓት ነው።

የኋላ ግድግዳውን ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ወጪው አነስተኛ በመሆኑ የሚማርክ ቢሆንም ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ከኋላ የሚመጣ ማዕበል በቀጥታ ወደ ጀልባው ስለሚገባ።

ከማራዘም ሥራ በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ ከዳር ሳይርቁ፣ የተለመደውን ያህል ጭነት ይዞ መደረግ ይኖርበታል። ከሞተሩ ጎን የሚተፋው ውሃ ከቀጠነ ወይም ከተቋረጠ ቱቦው በትክክል አልገጠመም ማለት ስለሆነ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት።