የፈውሱ ኃይል የማን ነበር?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሜዝመር የተባለ ሐኪም በፓሪስ ከተማ በማይታይ ኃይል በሽተኛ እፈውሳለሁ ይል ነበር። በ1784 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንጉሥ የሾማቸው መርማሪዎች የሰዎችን ዓይን ሸፍነው ነገሩን ፈተኑ። ኃይሉ ደረሰን ብለው ያመኑት ምንም ሳይደረግላቸው ተንቀጠቀጡ፤ ሳያውቁ የተደረገላቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም። ሥራው የገዛ ሐሳባቸው ነበር።

በ1843 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬድ ነገሩን ሂፕኖቲዝም ብሎ በመጽሐፍ አወጣው፤ ምስጢሩም ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ መሆኑን አስረዳ። ዛሬ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ለፍርሃትና ለጭንቀት ከሌላ ሕክምና ጋር ይጠቀሙበታል።

እናንተም ልዩ ኃይል አለኝ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ አትክፈሉ። ፍርሃት እንቅልፍ ከነሳችሁ ሳታፍሩ ለክሊኒኩ ባለሙያ ንገሩ። መታከም ነውር አይደለም።