ዜና መዋዕል ዘደሴተ ካታን

የነገሥታትን ዜና የጻፉ አበው ዘመቻውንና ግብሩን፣ ሹመቱንና ሽረቱን ጽፈው አለፉ። እኔ ደግሞ ንጉሥ የሌላትን የአንዲት ደሴት ዜና እጽፋለሁ። ስፋቷ ከአንድ ጠረጴዛ አይበልጥም፤ ዘመኗም ከአንድ ምሽት አያልፍም። አራት ባላባቶች ምድሯን ተካፍለው፣ መንገድ ጠርገው፣ መንደር ቆርቁረው ሲፎካከሩ ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጬ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁ።

ምዕራፍ ፩፤ ደሴቲቱ እንደ ምን እንደ ተገኘች

በጀርመን አገር፣ በዳርምሽታት ከተማ አቅራቢያ፣ ክላውስ ቶይበር የሚባል ሰው ነበረ። እንጀራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነበረ። ቀን በጥርስ ሲደክም ይውልና ማታ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ጨዋታ ይፈለስፍ ነበር፤ የፈለሰፈውንም አስቀድመው ሚስቱና ልጆቹ ተጫውተው ይፈርዱለት ነበር። ስለ ቫይኪንጎች ባሕር መሻገርና አይስላንድን ስለ ማቅናታቸው ሲያስብ ካታን ተወለደች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ኮስሞስ የተባለው የሽቱትጋርት አሳታሚ አወጣት፤ በዚያው ዓመትም የጀርመን «የዓመቱ ጨዋታ» ሽልማት ተሰጣት። ቶይበር ይህንኑ ሽልማት በ1988፣ በ1990 እና በ1991 በሌሎች ጨዋታዎቹ ተቀብሎ ነበርና ይህ አራተኛው ሆነለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጥርሱን ሥራ ትቶ በጨዋታው ኖረ። በ2023 በ70 ዓመቱ ዐረፈ። ያቀናት ደሴት ግን ማታ ማታ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዛሬም እንደ አዲስ ትቀናለች።

ምዕራፍ ፪፤ ስለ ምድሪቱ አከፋፈል

ምድሪቱ 19 ጋሻ ናት፤ እያንዳንዱም ጋሻ እንደ ማር እንጀራ ዐይን ስድስት ማዕዘን አለው። አራቱ እንጨት የሚገኝበት ጫካ ነው፤ አራቱ ሱፍ የሚሸለትበት ግጦሽ፣ አራቱ ስንዴ የሚታጨድበት እርሻ ነው። ሦስቱ ጡብ የሚወጣበት ኮረብታ፣ ሦስቱ ማዕድን የሚቆፈርበት ተራራ ነው። አንዱ ብቻ ምንም የማያበቅል ምድረ በዳ ነው፤ የሰፈረበትን መሬት ምርት የሚያግድ ሽፍታም በመጀመሪያ የሚሰፍረው በዚያ ነው።

ከምድረ በዳው በቀር በየጋሻው ላይ አንዳንድ ቁጥር ይቀመጣል። ባለ ተራው ሁለት ዳይስ ይወረውራል፤ የድምሩ ቁጥር የወጣለት መሬት ያፈራል፤ በዚያም መሬት ማዕዘን መንደር ያለው ሁሉ ምርቱን በካርታ ይቀበላል። ሁለቱ ዳይስ በ36 መልክ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ከነዚህ 6 በአምስት፣ 8ም በአምስት መልክ ይመጣሉ፤ 2 እና 12 ግን በአንድ በአንድ መልክ ብቻ። ስለዚህ ባለ 6 እና ባለ 8 መሬት ለም ይባላል፤ በባለ 12 ላይ የሰፈረ ግን ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይከርማል።

በእኛ አገር ድንበር የጠብ ስም ነው። ጎረቤት ድንበር ገፋ ተብሎ ስንቱ ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። በካታን ግን ድንበር የሚገፋ የለም፤ ድንበሩ ራሱ መንገድ ነውና። ጋሻና ጋሻ፣ ጋሻና ባሕር የሚዋሰኑባቸው ድንበሮች 72 ናቸው፤ ድንበሮቹ የሚገናኙባቸው ማዕዘኖች 54 ናቸው። መንገድ በድንበር ላይ ይዘረጋል፤ መንደር በማዕዘን ላይ ይቆማል። በማሳ መካከል የሚሠራ ቤት የለም። ማዕዘን የያዘ ግን እስከ ሦስት ጋሻ ድረስ ይበላል።

ምዕራፍ ፫፤ ስለ መንገድና ስለ መንደር ሥርዐት

ለእያንዳንዱ ባላባት 15 መንገድ፣ 5 መንደርና 4 ከተማ ተሰፍሮለታል። መንገዱ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን በትር ነው፤ መንደሩ ክዳኑ የሾለ፣ በሁለት ጣት የሚነሣ ጎጆ ነው።

የአንድ መንገድ ዋጋ አንድ ጡብና አንድ እንጨት ነው። መንገድ ከባለቤቱ መንገድ ወይም መንደር ወይም ከተማ ሳይያያዝ አይጠረግም፤ በአንድ ድንበር ላይም ሁለት መንገድ አይዘረጋም። የሌላ ሰው መንደር ያለበትን ማዕዘን አልፎ የሚቀጥል መንገድ የለም።

የአንድ መንደር ዋጋ አንድ ጡብ፣ አንድ እንጨት፣ አንድ ሱፍና አንድ ስንዴ ነው። መንደር የሚቆረቆረው የባለቤቱ መንገድ በደረሰበት ማዕዘን ነው። ይህም ብቻ አይበቃም፤ ከዚያ ማዕዘን ቀጥሎ ያሉት ማዕዘኖች ሁሉ ባዶ መሆን አለባቸው። ጎረቤቱ ወዳጅ ይሁን ባላንጣ፣ የራሱ የባላባቱ ሌላ መንደር እንኳ ቢሆን፣ አንድ ድንበር ብቻ ርቆ መስፈር ክልክል ነው። ይህም የርቀት ሕግ ይባላል፤ የደሴቲቱ ጥበብ ሁሉ ከዚህ ሕግ ይወጣል። አንድ ማዕዘን የያዘ ሰው በዙሪያው ያሉትንም ሳይሰፍርባቸው ዘግቷልና።

ከተማ በባዶ ሜዳ አይቆረቆርም። ሦስት ማዕድንና ሁለት ስንዴ የከፈለ የቆመ መንደሩን አንሥቶ በስፍራው ከተማ ይተክላል፤ የተነሣው ጎጆም ወደ እጁ ይመለሳል። መንደር ለባለቤቱ አንድ ነጥብ፣ ከተማ ሁለት ነጥብ ይሰጣል፤ በተራው 10 ነጥብ የሞላለት ደሴቲቱን ይረከባል።

መንገድ ግን በራሱ ምንም ነጥብ የለውም። ክብር የሚያገኘው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሳይቆረጥ የተያያዘ፣ ቅርንጫፉ ሳይቆጠር ቢያንስ አምስት የሆነ መንገድ አስቀድሞ የዘረጋ «ረጅሙ መንገድ» የሚል ካርታና ሁለት ነጥብ ይቀበላል። ከእርሱ የሚረዝም ሲነሣ ካርታው ይነጠቃል፤ የተስተካከለው ግን አይነጥቀውም።

በዚህች ደሴት መንደር አይቃጠልም፤ የተዘረጋ መንገድም አይነሣም። ከመንገድ የሚነጠቅ ስሙ ብቻ ነው።

ምዕራፍ ፬፤ አራቱ ባላባቶች እንደ ሰፈሩ

ባላባቶቹ በቀለማቸው ይጠሩ ነበር፤ ባለ ቀይ፣ ባለ ሰማያዊ፣ ባለ ነጭ፣ ባለ ብርቱካን። ዳይስ ወርውረው ትልቁን ቁጥር ያገኘው ባለ ቀይ ቀዳሚ ሆነ። የአሰፋፈሩ ደንብ ግን ፍርድ አለበት። በፊተኛው ዙር እያንዳንዱ በተራው አንድ መንደርና አንድ መንገድ ያኖራል፤ በሁለተኛው ዙር የመጨረሻው ፊተኛ ሆኖ ተራው ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድሞ የመረጠ በሁለተኛው የሰው ትራፊ ይደርሰዋል።

ባለ ቀይ ባለ 8 ጫካ፣ ባለ 5 ኮረብታና ባለ 10 ግጦሽ የሚገናኙበትን ማዕዘን ያዘ። ሁለተኛ ተራው በደረሰ ጊዜ ከባለ 9 ኮረብታ፣ ከባለ 4 ጫካና ከምድረ በዳው መገናኛ የተሻለ አላገኘም። ሁለተኛው መንደር ከሚነካው መሬት ሁሉ አንዳንድ ስንቅ ይቀበላልና አንድ ጡብና አንድ እንጨት ተሰጠው፤ ከምድረ በዳው ግን ምንም። በዚያው ስንቅ በመጀመሪያ ተራው መንገድ ጠረገ። ሰውም ሁሉ አደነቀው። ስንዴ የሚሰጥ ጋሻ ግን አንድም አልነበረውም፤ የኋላው ጠንቅ ይኸው ነበረ።

ባለ ነጭ ከተራራና ከእርሻ ሥር ሰፈረ፤ እንጨት ጥቂት ነበረው፣ ጡብ ከቶ አልነበረውም። ባለ ብርቱካን ሁለት ሱፍ በአንድ የሚለወጥበትን ወደብ ያዘ። ባለ ሰማያዊ የባሕሩን ዳር ይዞ በዝምታ መንገዱን ይዘረጋ ጀመር።

ምዕራፍ ፭፤ የባለ ቀይ መንገድ

ከዚህ በኋላ 5 እና 8 ደጋግመው ወጡና የባለ ቀይ እጅ በጡብና በእንጨት ሞላ። እርሱም በየተራው መንገድ ጠረገ፤ በሁለቱ መንደሮቹ መካከል ሰባት መንገድ አንዱን ካንዱ አያይዞ አጋጠማቸው። «ረጅሙ መንገድ» የሚለውን ካርታ አንሥቶ በፊቱ አቆመው። «መንደሩ የትም አይሄድ፤ መንገዱ ካለ እንደርስበታለን» አለ።

እኔ ግን ማዕዘኖቹን ቆጠርሁ። በሰባቱ መንገድ ላይ፣ በሁለቱ መንደሮች መካከል፣ ስድስት ማዕዘን አለ። ከመንደሮቹ ጎን ያሉት ሁለቱ በርቀት ሕግ የተዘጉ ናቸው፤ መካከለኞቹ አራቱ ግን ክፍት ነበሩ። በሦስተኛው ማዕዘን አንዲት ጎጆ ብትቆም ኖሮ ሁለተኛውና አራተኛው አብረው ይዘጉ ነበር። ባላንጣ የሚገባበት አምስተኛው ብቻ ይቀር ነበር፤ እዚያ ቢገባም እንኳ አምስት መንገድ ሳይቆረጥ ይተርፋልና ክብሩ በቀላሉ አይናጋም ነበር። አንዲት ጎጆ ግን ስንዴ ትፈልጋለች።

ምዕራፍ ፮፤ ስለ አንዲት ስንዴ

የባለ ነጭ መንገድ ከወዲያ በኩል መጥቶ ከሦስተኛው ማዕዘን አንድ ድንበር ሲቀረው ቆመ። ባለ ቀይ ይህን አየ፤ ነገር ግን «ጡብ ከየት ያመጣል?» ብሎ ናቀው።

ተራው የባለ ነጭ ሆነ። ዳይሱን ወረወረ፤ ምርቱን ሰበሰበ፤ ካርታዎቹን በደረቱ አስጠግቶ ወደ ባለ ቀይ ዞረ።

«ጌታው፣ ስንዴ እንዳጡ አያለሁ።»

«አጥቻለሁ። አንድ ቢሰጡኝ ምን ይሻሉ?»

«ሁለት ጡብ።»

«ሁለት በዛ!»

«እንግዲያስ ይቅር። ስንዴ ያለው እኔ ጋ ነው።»

ባለ ቀይ በእጁ ያለውን ተመለከተ፤ እንጨት አለ፣ ሱፍ አለ፣ ጡብ አራት አለ። አንዲት ስንዴ ብትጨመር በተራው መንደር ይቆረቁራል። ሁለት ጡብ ቆጥሮ ሰጠ፤ ስንዴዋንም ተቀብሎ በሌሎቹ ካርታዎች መካከል ሰካት፤ ፊቱም በራ።

ባለ ነጭ ግን ጡቦቹን በጠረጴዛው ላይ አላሳረፋቸውም። አንዱን ጡብ ከአንድ እንጨት ጋር ከፍሎ የቀረችውን ድንበር ጠረገ። ሁለተኛውን ጡብ ከእንጨት፣ ከሱፍና ከስንዴ ጋር ከፍሎ ነጩን ጎጆ በሁለት ጣቱ አነሣና በሦስተኛው ማዕዘን፣ በሁለቱ ቀያይ በትሮች ጫፍ መካከል፣ ቀስ ብሎ አኖራት። ጠረጴዛው ሁሉ ዝም አለ። የባለ ቀይ መንገድ ሦስትና አራት ሆኖ ተቆረጠ፤ መቁረጫውም የራሱ ጡብ ነበረ።

ባለ ሰማያዊም ያን ጊዜ ተናገረ። «የኔ አምስት ነው» አለ፤ ተቆጠረ፣ እውነት ሆነ። ካርታው ከባለ ቀይ ፊት ተነሥቶ ወደ እርሱ ሄደ። የርቀት ሕግም የራሱን ፍርድ ጨመረ፤ ከክፍቶቹ አራት ማዕዘኖች አንዱን ነጩ ጎጆ ያዘው፣ ሁለቱ ስለ እርሱ ተዘጉ። ለባለ ቀይ አምስተኛው ብቻ ቀረው። በተራው በዚያች ውድ ስንዴ መንደር ቆረቆረበት።

ምዕራፍ ፯፤ የክብር ፉክክርና የዘመኑ ፍጻሜ

ከዚህ በኋላ ባለ ቀይ ክብሩን ሊያስመልስ ተነሣ። ከወዲያኛው መንደሩ አሻግሮ ሁለት መንገድ ቀጠለ፤ አራቱ ስድስት ሆነና ካርታውን ነጠቀ። ባለ ሰማያዊም ሁለት ቀጥሎ ሰባት አደረሰና መልሶ ነጠቀው። ባለ ቀይ አንድ ጨምሮ ሰባት ቢያደርስም የተስተካከለ አይነጥቅምና ካርታው በባለ ሰማያዊ ዘንድ ቀረ። የሁለቱም ጡብና እንጨት በዚህ አለቀ።

በዚያም ወራት ባለ ነጭ ማንም ሳያስተውለው ሁለት መንደሮቹን ከተማ አደረገ፤ ሌሎች ሁለት መንደሮችም ጨመረ። ማዕድን፣ ሱፍና ስንዴ እየከፈለ የልማት ካርታ ገዛ፤ ሦስት ፈረሰኞችም ወጡለት። በፈረሰኞቹ ሽፍታውን ከምድረ በዳ አስነሥቶ በባለ 8 ጫካ ላይ አሰፈረው፤ የባለ ቀይም እንጨት ተቋረጠ። ሦስት ፈረሰኛ አስቀድሞ ያሰለፈ የትልቁን ሠራዊት ሁለት ነጥብ ያገኛልና ዘጠኝ ሞላለት። በመጨረሻ ተራው ሦስት ማዕድንና ሁለት ስንዴ ቆጥሮ ሦስተኛውን ከተማ ተከለ። ያም ከተማ የቆመው በዚያ በተቆረጠው መንገድ መካከል፣ በሦስተኛው ማዕዘን ነበረ። አሥር ሞላ።

ነጥቡ ሲቆጠር ለባለ ሰማያዊ ሰባት፣ ለባለ ብርቱካን ስድስት ሆነ። ባለ ቀይ አሥር መንገድና ሦስት ነጥብ ነበረው።

በትሮቹና ጎጆዎቹ በየቀለማቸው ተሰበሰቡ፤ ጋሻዎቹም ተደባልቀው እንደገና ተደረደሩ፤ ሌሊቱ ገና ነበርና። ባለ ቀይ አሁንም በዕጣ ቀዳሚ ሆነ። ብዙ አሰበ። የመጀመሪያ ጎጆውን አንሥቶ ጫካውንም ኮረብታውንም አልፎ ከስንዴ ማሳ ማዕዘን አኖራት።

ተፈጸመ።