ሰው በሌለበት የሚገለበጥ ፋይል፦ ከጐንደር ብራና እስከ ቆላው ኮምፒውተር

በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ስትከፍቱ በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰነዱ አልተበላሸም። የጎደለው ፊደሉን ስክሪን ላይ የሚስለው ሌላ ፋይል፣ ማለትም ፎንቱ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ሊገለብጠው ሲገባ ሳይገለብጠው ቀርቷል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን መገልበጥ እኛ አገር ረጅም ታሪክ አለው፣ ዋጋም ያስከፈለበት ጊዜ አለ።

ከጐንደር ወደ ምዕራብ ስትወርዱ ደጋው ያበቃና ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት ሞቃት ቆላ ይጀምራል። መጨረሻው መተማ ነው፤ ማዶው የሱዳኗ ጋላባት። በጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ እየተመራ በዚሁ በኩል መጣ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ ተሸነፉ፤ ጐንደር ተዘረፈች፣ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያው መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ የምትባለው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ መጻሕፍቱ አስቡ። ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ብራናም አብሮ ይቃጠላል። ቀድሞ ተገልብጦ ሌላ ደብር የሄደ መጽሐፍ ግን ይተርፋል። ቅጂ ማለት መድን ነው፤ ግን ትክክል ከሆነ ብቻ። ጸሐፊው ደክሞት አንድ መስመር ቢዘል፣ ከእሱ የሚገለብጠውም ያንኑ ስህተት ይወርሳል። ስለዚህ ነው በብራናዎቻችን ላይ የተፋቁ ቃላትና በመስመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል የተጨመሩ እርማቶች የምናየው። አንድ ሰው ቅጂውን መልሶ አንብቦታል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው? እንግዲህ ወደ ዊንዶውስ ዘመን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ መግዛት ሲጀምሩ፣ እያንዳንዱ ማሽን ፊት ተቀምጦ «ቋንቋ? የሰዓት ክልል? የምርት ቁጥር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አሰልቺ ሆነ። መፍትሔው የመልስ ፋይል ነበር፦ ጥያቄዎቹ ሳይጠየቁ መልሳቸው ተጽፎ የሚጠብቅበት ትንሽ የጽሑፍ ሰነድ። ሲዲውን ከታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ማሽኑ ራሱን ይጭናል። በቃ።

ለእኛ ግን አንድ ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት አልነበረውም። ቀደም ሲል ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እየተኩ ይሠሩ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ዝርዝር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ ፎንቱን ግን አሁንም ሰው ማስገባት ነበረበት። ስለዚህ ኤክስፒን ያለ ሰው የሚጭን የኢትዮጵያ ባለሙያ ፎንቱም አብሮ እንዲገለበጥ ማዘዝ ነበረበት። ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ገንዳ ውሃ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተር እያዘጋጃችሁ ነው እንበል። ጭነቱ «ተሳካ»፣ ፎንቱ ግን የለም። ከየት ትጀምራላችሁ?

መጀመሪያ ትእዛዙን እዩ። ተጨማሪ ፋይሎች የሚቀመጡት በሁለት የዶላር ምልክቶች መካከል «ኦኢኤም» ተብሎ በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው። የመልስ ፋይሉ ውስጥ «ኦኢኤም ፕሪኢንስቶል» የሚለው መስመር «የስ» ካልተባለ፣ ኤክስፒ ፎልደሩን ዞር ብሎም አያየውም። ስህተት ብሎም አይናገርም፤ አላዘዛችሁትማ!

ቀጥሎ ቦታውን እዩ። ከሲዲ ስትጭኑ ይህ ፎልደር «አይ-386» ከሚባለው ፎልደር ጎን ይቀመጣል፤ ከኔትወርክ ስትጭኑ ደግሞ እዚያው ውስጡ ይገባል። በአንዱ የሠራው በሌላው ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። መገልበጡ የሚጀምረው ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ፣ በሰማያዊው የጽሑፍ ስክሪን ላይ ነው። በዚያ ደረጃ የፋይል ስም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ ማለፍ የለበትም። ረጅም ስም ከፈለጋችሁ ፋይሉን በአጭር ስም አስቀምጣችሁ፣ ኋላ ምን ተብሎ እንደሚጠራ በተለየ የስም መቀየሪያ ሰነድ ላይ ትጽፋላችሁ።

አራተኛው ዕቃው ራሱ ነው። የተጫረ ወይም አቧራ የያዘ ሲዲ፣ የደከመ ድራይቭ፣ የታመመ ራም፣ ሁሉም «ፋይሉን መገልበጥ አልተቻለም» የሚል መልእክት ያመጣሉ። ኤክስፒ እዚህ ላይ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ደግመህ ሞክር፣ ዝለለው፣ ውጣ። አያችሁ አይደል? ያለ ሰው ይሠራል የተባለው ጭነት ቆሞ ሰው ይጠብቃል፤ ማታ ትታችሁት ከሄዳችሁ ጠዋት እዚያው ታገኙታላችሁ። «ዝለለው»ን መምረጥ ደግሞ መስመር እንደዘለለው ጸሐፊ መሆን ነው። ጉድለቱ ዛሬ አይታይም፤ ማሽኑ ቆላ ከወረደ በኋላ ግን ነርሷ የታካሚውን ስም ስትከፍት ሳጥን ያሳያታል። ባለሙያው ደግሞ ጐንደር ነው፤ በመካከላቸው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለሁሉም ገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ሁለት ነገር ቀየረ። አንደኛ፣ በደጋ አጋዘን የእንግሊዝኛ ስም የተሰየመውን «ኒያላ» የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ የእኛ ፊደል ተጨማሪ ዕቃ መሆኑ ቀረ። ሁለተኛ፣ ፋይሎችን አንድ በአንድ ከመገልበጥ ይልቅ ሁሉንም በአንድ ትልቅ የምስል ፋይል ጠቅልሎ መዘርጋት ጀመረ። በዚያ ጥቅል ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የተሰላ የራሱ አሻራ አለው። አንዲት ቢት እንኳ ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። ብራናውን መልሶ የሚያነበው አራሚ ወደ ሒሳብ ተለወጠ ማለት ነው።

አሻራው ግን የሚነግራችሁ ጥቅሉ ውስጥ የገባው ፋይል በትክክል መድረሱን ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ያልገባ ፋይል አሻራ የለውም። ስለዚህ ብዙ ማሽን ከመጫናችሁ በፊት በአንዱ ሞክሩ፤ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የስህተት መዝገብ ክፈቱ፤ ፋይሎቹን ቁጠሩ። ከዚያ አንድ የአማርኛ ሰነድ ከፍታችሁ በዐይናችሁ አንብቡት። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው። ኮምፒውተሩ መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ግን የአንድ ቀን መንገድ ይሆናል።