ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እና የጭሮ ገበያ

የኢኮኖሚ ጋዜጠኝነት በአገራችን ከኢሕአዴግ ዘመን የግል ጋዜጦች ጋር አብሮ የተወለደ ሙያ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። «ካፒታል» በ1991፣ «ፎርቹን» በ1992 ዓ.ም. መታተም ሲጀምሩ ንግድና ፋይናንስን ዋና ጉዳያቸው አድርገው መምጣታቸው እውነት ነው። ዘሩ ግን ከዚያ በፊት ሰማንያ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ያውም በሐረርጌ ባቡር መስመር ላይ የተዘራ ነው ባይ ነኝ። ዘሪውም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላሉ።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ መተማ ላይ ወደቁ። ልጁ ምጽዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ በበርሊን ዩኒቨርሲቲም ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ሠሩ፤ በኋላ ግን ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ባለመስማማታቸው ወደ ሱዳን ለመሰደድ ተገደዱ።

«አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. አስመራ ላይ ታተመ። ከምስጋና ይልቅ ሒሳብ ይበዛበታል። የመንግሥት ገቢ ከንጉሡ የግል ገንዘብ ይለይ፤ ግብር በልክ ተቆርጦ በገንዘብ ይከፈል፤ ጉምሩክ አንድ ወጥ ይሁን፤ ሕግ ተጽፎ ይታወቅ፤ ትምህርት ይስፋፋ ይላል። ለምሳሌነትም ጃፓንን ያነሣል። ይህንን ዝርዝር ዛሬ በጋዜጣ ዓምድ ላይ ብናየው አንድ የበጀት ተንታኝ የጻፈው ይመስለናል።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስገርመኝ ቀጥሎ የያዙት ሥራ ነው። በልጅ ኢያሱ ዘመን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሐዲዱ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የአገሪቱ ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ የውጭ ጨርቅና ጦር መሣሪያ ሲገባ የጉምሩክ መዝገቡ በእጃቸው ነበረ። ሌላው ሰው ባቡሩን እንደ ሥልጣኔ ምልክት ሲያደንቅ፣ እሳቸው ፉርጎው ምን ጭኖ ወርዶ ምን ጭኖ እንደሚመለስ መቁጠር ይችሉ ነበር።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ዋና መጽሐፋቸው ከዚህ ልምድ ጋር የተሳሰረ ነው። ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚሠራውን፣ የሌለው ሕዝብ ብዙ ቀን ይለፋበታል። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ቀን ሥራ ይለወጣል፤ ስለዚህ ንግዱ ነፃ ቢመስልም እኩል አይደለም። ይህን መሰሉ ሐሳብ በላቲን አሜሪካ ምሁራን በኩል የዓለም መነጋገሪያ የሆነው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ነጋድራስ ግን መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም። በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ፤ መጽሐፉ በወዳጃቸው ጥረት በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ።

የጭሮ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ይህችን ከተማ፣ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟ ያቀኗት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ ጨርጨርን ለሌላው አገር አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ የሞከሩ ሰው ነበሩ፤ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። የሕግ ትምህርት የቀመስን ሰዎች የምናስታውሳቸው በሕገ መንግሥቱ ብቻ ነው። ሥርዓት ያለው አስተዳደር ከሌለ ሀብት አይኖርም የሚለው እምነት ግን ሁለቱንም ሰዎች ያገናኛል።

ዛሬ ጭሮ፣ ሂርና፣ ገለምሶና በዴሳ የሚኖሩት በጫትና በቡና ነው። ቡናው ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በምርት ገበያ በኩል ስለተገበያየ ዋጋው በየቀኑ ይነገርለት ጀመር። ጫት ግን በምርት ገበያ አያልፍም። በተቆረጠ በሁለት ቀን ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ገበሬው የተሻለ ዋጋ እስኪመጣ መጠበቅ አይችልም። የጅቡቲንና የሶማሌን ገበያ የማታ ዋጋ በስልክ የሰማ ደላላ፣ ካልሰማው ገበሬ ጋር ሲደራደር ውጤቱ ቀድሞ የታወቀ ነው። ነጋድራስ በሁለት አገሮች መካከል ያዩት ልዩነት፣ እዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ይገኛል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መገናኛ ብዙኃን ስለ ባንኮች፣ ስለ ነዳጅና ስለ ዘይት ብዙ ነገሩን። ጫት ዶላር የሚያመጣ ምርት ሆኖ ሳለ፣ ከጭማሪው ስንቱ የዙርባው ባለቤት ኪስ ገባ? ስንቱስ ላኪው፣ ደላላውና ኬላው ዘንድ ቀረ? የኢኮኖሚ ጋዜጠኛ ሥራ ይህን መከታተል ነው፤ ጋዜጣ ለማይደርስበት ቀበሌ ደግሞ በሬዲዮ፣ ያውም በአፋን ኦሮሞ መንገር ነው። የንግድ ጋዜጦቻችን በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በአማርኛ፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ የሚዘጋጁ ናቸው።

ሕጉ ከልካይ ነው የሚባለው ሰበብ በቂ አይመስለኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሕዝብን የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ከፕሬስ ነፃነት ጋር አያይዞ ደንግጓል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጥያቄ መልስ የሚሰጥበትን የ30 ቀን ገደብ አስቀምጧል። እርግጥ ነው፣ በሁለት ቀን ለሚጠወልግ ምርት የ30 ቀን መልስ አይጠቅምም። የኬላ ቀረጥና የወጪ ንግድ ዋጋ ግን ጠያቂ ሳይጠበቅ በየሳምንቱ ሊለጠፍ የሚችል ነገር ነው።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ለመሠማራት የሚያስቡ ወጣቶች ከባንክ መግለጫ በፊት ነጋድራስን እንዲያነቡ እመክራለሁ። ቀጥለውም አንድ ማለዳ ከጭሮ ጫት ተራ ተነሥተው፣ አንዲት ዙርባ ጅቡቲ እስክትደርስ በየእጁ የሚጨመርባትን ዋጋ ይመዝግቡ። ያ መዝገብ በሬዲዮ ቢነበብ የጨርጨር ገበሬ የሚያዳምጠው የኢኮኖሚ ዜና ይሆናል።