ቤት አልባ ወገኖችን መቁጠር፦ የእንጅባራና የዳንግላ በጎ ፈቃደኞች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ

የቤት አልባዎች ቆጠራ ማለት በአንድ ከተማ፣ በአንድ በተመረጠ ሌሊት፣ ማደሪያ አጥተው በረንዳ ላይ፣ በመናኸሪያ፣ በአምልኮ ቦታዎች ዙሪያ ወይም በላስቲክ መጠለያ ያደሩ ሰዎችን ቆጥሮ መመዝገብ ነው። ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩት አካባቢውን የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህ ጽሑፍ በአዊ ዞን፣ በተለይ በእንጅባራና በዳንግላ፣ እንዲህ ያለ ቆጠራ ለማካሄድ ለሚያስቡ የመስጂድ ጀማዓዎች፣ የወጣት ማኅበራትና ዕድሮች በጎ ፈቃደኞችን እንዴት ማሠልጠን እንደሚገባ ያብራራል።

ቆጠራ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሦስት መንገድ ይበላሻል። አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ሌላው ጭራሽ ሳይታይ ይቀራል፤ ሦስተኛው ደግሞ በመቆጠሩ ምክንያት ይጎዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁጥሩን ያዛባሉ። ሦስተኛው ግን አማናን ማጉደል ስለሆነ ሥልጠናው ከሁሉ በፊት እሱን መከላከል አለበት።

ቁጥሩ ለምን ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። እስካሁን የተካሄዱት አገር አቀፍ ቆጠራዎች በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተደረጉት ሦስቱ ናቸው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ ወጣት በአገሪቱ ቆጠራ አንድም ጊዜ አልተመዘገበም። በዚያ ቆጠራ የአዊ ዞን ሕዝብ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሞቹ አድገዋል፤ ከጎረቤት መተከል ዞን በግጭት የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችም ወደ አዊ ገብተዋል። በ2013 ዓ.ም. በቻግኒ ራንች የተጠለሉት ተፈናቃዮች ለዚህ አንዱ ማሳያ ናቸው።

ቁጥር የሌለው ችግር በጀት አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መጀመሪያ የያዘው 11 ከተሞችን ነበር፤ እንጅባራና ዳንግላ ከእነዚህ መካከል አልነበሩም። ፕሮግራሙ ወደ ተጨማሪ ከተሞች የሰፋው በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ድጋፍ ለመጠየቅም ሆነ የተሰጠው በቂ መሆኑን ለመመዘን የከተማው አስተዳደር ‹‹ብዙ ናቸው›› ከማለት ያለፈ መረጃ ያስፈልገዋል።

ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ሌላም ምክንያት አለ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች (ሱረቱ ተውባ፣ አንቀጽ 60) መካከል ድሆች፣ ሚስኪኖችና መንገደኛ (ኢብኑ ሰቢል) ይገኙበታል። ብዙ ጊዜ ሰደቃና ዘካ የሚደርሰው በመስጂድ በር ላይ ለሚታይና ለሚለምን ሰው ነው። እጁን መዘርጋት አሳፍሮት ከሱቅ በረንዳ ሥር ጨለማ ጠብቆ የሚተኛውን ማንም አይዘረዝረውም። ቁርኣን (ሱረቱል በቀራ፣ አንቀጽ 273) ከልመና ስለሚቆጠቡ ችግረኞች ለይቶ ይናገራል። በሥርዓት የተደረገ ቆጠራ እነዚህን ሰዎች ለማግኘት አንዱ መንገድ ነው።

በኢስላም ታሪክ

ሰዎችን መቁጠርና መመዝገብ ለሙስሊሞች እንግዳ ነገር አይደለም። በሶሒህ አል ቡኻሪ ሑዘይፋ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች እንዲመዘገቡ አዝዘው 1500 ወንዶች ተመዝግበዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን የሰዎች ስም በመዝገብ ሰፍሮ ድርጎ የሚከፈልበትን ዲዋን አቋቁመዋል። በመዲና ቤትና ዘመድ ያልነበራቸው ሶሓባዎች ደግሞ በነቢዩ መስጂድ ጥላ ሥር፣ ሱፋ በሚባለው ቦታ ያድሩ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ቤት ማጣት የሰውን ክብር እንደማይቀንስ ለሠልጣኞች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ማን ይቆጠራል?

ሥልጠናው በትርጉም ይጀምራል። ሁሉም ቆጣሪ ‹‹ቤት አልባ›› ሲባል አንድ ዓይነት ሰው ካልገባው ቁጥሩ አይደመርም። የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ቆጠራ መመሪያ ሁለት ደረጃዎችን ይለያል። የመጀመሪያው ምንም መጠለያ ሳይኖራቸው በመንገድ የሚኖሩትን ይይዛል። ሁለተኛው ቋሚ መኖሪያ ስለሌላቸው ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩትንና በመጠለያ ተቋማት የሚኖሩትን ይጨምራል።

በአካባቢያችን ሁኔታ ሠልጣኞች እነዚህን መለየት አለባቸው፦

• በረንዳ ላይ፣ በጅምር ሕንፃ፣ በመናኸሪያ ወይም በላስቲክ ሥር ያደረ ሰው ይቆጠራል።
• በመስጂድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሌላ ማደሪያ ስለሌለው ያደረ ሰው ይቆጠራል።
• ቀን ጎዳና ላይ ጫማ የሚጠርግ፣ ዕቃ የሚሸከም ወይም የሚለምን፣ ማታ ግን ቤት የሚገባ ሰው አይቆጠርም።
• በሌሊት ሒሳብ ምንጣፍ እየተከራየ የሚያድር የቀን ሠራተኛና ዘመድ ቤት ተጠግቶ ያለ ተፈናቃይ በተለየ ዓምድ ይመዘገባሉ።
• መኪና አምልጦት ለአንድ ሌሊት የቆመ መንገደኛ ዘካ ሊገባው ይችላል፤ ለዚህ ቆጠራ ግን በተለየ ዓምድ ይሰፍራል።

የመጨረሻው ነጥብ ለእንጅባራ በተለይ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያው ነው። ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርድና ከዚያ የሚመለስ ሠራተኛ ያልፍባታል። ዳንግላም በዚያው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት።

መቼ ይቆጠር?

በአሜሪካ ተመሳሳይ ቆጠራ የሚደረገው በጃንዋሪ ወር መጨረሻ አሥር ቀናት ውስጥ በሚመረጥ አንድ ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚህ መንገድ 771,480 ሰዎች ተቆጥረዋል። ቀኑ ሆን ተብሎ በብርድ ወቅት የተመረጠው፣ በዚያ ብርድ ውጭ የሚያድር ሰው በእርግጥ ሌላ አማራጭ እንደሌለው ስለሚታመን ነው።

ለእኛ ቀን ሲመረጥ የአካባቢው የቀን መቁጠሪያ መታየት አለበት። በረመዷን ኢፍጣር ወደሚሰጥባቸው መስጂዶች ሰው ስለሚሰበሰብ የዘወትሩ አሰፋፈር ይለወጣል። በጥምቀት ሰሞንና የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ በሚከበርበት ጥር 23 አካባቢም ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች። የገበያ ቀን ዋዜማም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ የራቀ ተራ ሌሊት ይመረጥ። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ በመሆኗ፣ በብርድ ወቅት የሚደረግ ቆጠራ ለአደጋ የተጋለጡትን በግልጽ ያሳያል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት በሌሊት መንቀሳቀስ የማይቻልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ በጎ ፈቃደኛን ጨለማ ውስጥ ማሰማራት አይገባም። አማራጩ የቀን ቆጠራ ነው። ከተመረጠው ሌሊት በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት፣ ሰዎች በሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች (ምግብ በሚታደልበት፣ በመናኸሪያ፣ በጤና ጣቢያ፣ በመስጂድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ) ‹‹በዚያች ሌሊት የት አደሩ?›› ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ አንዲት ሌሊት ብቻ መሆን አለበት። አለበለዚያ በሰባት ቀን ውስጥ የመጣና የሄደው ሁሉ ይደመራል።

የሥልጠናው ይዘት

ሁለት ቀን ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን በክፍል ውስጥ፣ ሁለተኛው በቀን ብርሃን መንገዱ ላይ ይሰጣል።

1. ካርታና ክልል። ከተማው በትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል። ድንበሩ በሚታይ ነገር (በመንገድ፣ በድልድይ፣ በግንብ) ይወሰናል፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ክፍል በቀን ይዞራል። ማደሪያዎቹን አስቀድሞ ለማወቅ ከሚረዱት የሱቅ ዘበኞች፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ የመስጂድ አገልጋዮችና ከሁሉም በላይ ራሳቸው ጎዳና ላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በአሠልጣኝነት ቢጋበዙና ለጊዜያቸው ቢከፈላቸው ሥልጠናው ይጠቀማል።

2. የቡድን አወቃቀር። አንድ ቡድን ሦስት ሰው ይኑረው፦ አንድ ጠያቂ፣ አንድ መዝጋቢ፣ አንድ ዙሪያውን የሚጠብቅ። ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ብቻዋን ያደረች ሴት ወይም ልጅ የያዘች እናት ለወንድ ቆጣሪ በግልጽ አትናገርም። ቢያንስ አንዱ አውኚ ተናጋሪ ይሁን። የቡድን አባላት በማንኛውም ምክንያት አይለያዩም፤ የተዘጋ ቤትና ጅምር ሕንፃ ውስጥም አይገቡም።

3. አነጋገር። ሠልጣኞች ተራ በተራ ጠያቂና ተጠያቂ እየሆኑ ይለማመዳሉ። አዛውንት ‹‹አባባ››፣ ‹‹እማማ››፣ ወጣት ‹‹ወንድሜ››፣ ‹‹እህቴ›› ተብለው ይጠራሉ። መግቢያው አጭርና እውነተኛ ይሁን፦ ‹‹ሰላም ነው ወንድሜ። በጎ ፈቃደኞች ነን፤ በከተማው ማደሪያ ያጡ ሰዎች ስንት እንደሆኑ እየቆጠርን ነው። ሙሉ ስም አንጠይቅም፣ ፎቶ አናነሣም። ዛሬ የምንሰጠው ነገር የለንም። ጥቂት ልጠይቅህ? ካልፈለግህ ምንም ችግር የለም።›› ቤት ወይም ገንዘብ ይሰጣችኋል ብሎ ተስፋ መስጠት ውሸት ነው፤ የቀጣዩን ቆጠራ በርም ይዘጋል።

4. የተኛን ሰው አለመቀስቀስ። የተኛ ሰው በዓይን ታይቶ ይመዘገባል፤ ባትሪ ፊቱ ላይ አይበራም፣ ልብሱ አይገለጥም። ከአንድ ሸራ ሥር ስንት ሰው እንዳለ ካልታወቀ ‹‹አልታወቀም›› ተብሎ ይጻፋል። መገመት ክልክል ነው።

5. ድግግሞሽን መለየት። ፈቃደኛ የሆነ ሰው በኮድ ይመዘገባል፦ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል፣ የእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ጾታና ዕድሜ። በሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ኮድ ከተገኘ አስተባባሪው ያጣራል።

6. ሕፃናትና ሕመምተኞች። ብቻውን ያለ ሕፃን፣ ጽኑ ሕመምተኛ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከተገኘ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ከከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ከጤና ተቋም ጋር ስምምነት ይደረጋል። ቆጣሪው ያሳውቃል እንጂ በራሱ ውሳኔ ሰው አያጓጉዝም።

7. ፈተና። በኒውዮርክ የተለመደ አንድ ዘዴ አለ። አዘጋጆች ቤት አልባ መስለው የሚቀመጡ ሰዎችን ቆጣሪዎች ሳያውቁ በተለያየ ቦታ ያስቀምጣሉ። ለምሳሌ ከ10 ተቀማጮች 8ቱ ብቻ ከተገኙ፣ ቆጠራው ከመቶ 80 ያህሉን እንደሚይዝ ይገመታል። በዚያ ሌሊት 64 እውነተኛ ቤት አልባዎች ተቆጥረው ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር ወደ 80 ይጠጋል ማለት ነው። ዘዴው ቆጣሪን ለመውቀስ ሳይሆን ያመለጠውን ለማወቅ ነው።

ምስጢር መጠበቅ

ጎዳና ላይ ያለ ሰው መዝገብና እስክሪብቶ ሲያይ የሚሸሽበት ምክንያት አለው። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ሥራና መተዳደሪያ አለመኖርን ከወንጀል ጥርጣሬ ጋር የሚያያይዝ ሕግ ነው። በተለያዩ ከተሞች በዓልና ጉባኤ ሲቃረብ ሰዎችን ከመንገድ ማፈስም ታይቷል። ስለዚህ ፖሊስ ቆጠራው እንደሚካሄድ ማወቅ አለበት፤ ፈቃድም ይጠየቃል፤ ከቆጣሪ ጋር ግን አብሮ አይዞርም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ አካል ዓላማውን እንዲያሳውቅና መረጃውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በተግባር ይህ ማለት ቅጾች በአንድ ሰው እጅ ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ ማደሪያ ቦታዎችን የሚያሳየው ካርታ አይታተምም፤ በቴሌግራምና በፌስቡክ ፎቶ አይለጠፍም ማለት ነው። ሃይማኖትና ብሔር አይጠየቁም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ይህን ተረድቶ ይፈርማል። የማይፈርም ሰው አይሰማራም።

ማን ያስተባብር?

የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘ ተቋም በመሆኑ፣ የአካባቢው መጅሊስ ለከተማ አስተዳደሩ ደብዳቤ ጽፎ ሥራውን ማስጀመር ይችላል። ሆኖም በአዊ ዞን ሙስሊሙ ጥቂት ቁጥር ያለው በመሆኑ በመስጂድ ዙሪያ ብቻ የሚደረግ ቆጠራ የከተማውን እውነት አያሳይም። አብያተ ክርስቲያናት፣ ዕድሮችና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብረው ቢሠለጥኑ ቁጥሩ የሁሉም ይሆናል፤ በኋላም ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

ከቆጠራው በኋላ

ውጤቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ጠቅላላ ቁጥር፣ ጾታ፣ የዕድሜ ክልል፣ በግምት ያመለጠው ስንት እንደሆነና የአቆጣጠሩ መንገድ። ቁጥሩን እርዳታ ለማግኘት ማብዛት፣ ለከተማው ገጽታ ብሎም ማሳነስ ሁለቱም ሐሰተኛ ምስክርነት ናቸው። ሪፖርቱ ለአስተዳደሩ በሚቀርብበት ሳምንት የዘካና የሰደቃ ኮሚቴዎች በቁጥሩ መሠረት ብርድ ልብስና ማደሪያ የሚያስፈልጋቸውን ለማሰብ ይቀመጡ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ቅጽና በዚያው ካርታ እንደገና ይቆጠር። አንድ ቁጥር ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ግን ሁኔታው መሻሻሉን ወይም መባሱን ያሳያል።