ምንጣፍ የለበሰው ዘንዶ

ባለፈው የበጋ ወራት ከአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የወዳጄ እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎንደር መጥተው ስለነበር ቤቱ በቄጠማና በዕጣን ታውዷል። ሁለተኛው ተጠጥቶ በረካው ሊቀዳ ሲል የአሥራ ስድስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ከምድር ቤት ወጣ። ክንዱ ላይ ጥቁርና ወርቅማ ቢጫ ቀለም የተቀባ የሚመስል፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ዘንዶ ተጠምጥሟል። እማማ "በስመ አብ!" ብለው ሲነሱ ረከቦቱ ሊገለበጥ ምንም አልቀረው። "እማዬ አይዞሽ፣ አይናከስም፤ አሁን ወደ ሳጥኑ መልሼ እቆልፍበታለሁ" አለ ልጁ። እሳቸውም ከድንጋጤያቸው ሳይመለሱ "ካልተናከሰማ ምን ያስቆልፈዋል?" አሉት።

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን በሆዴ ቀረ። የጋዜጠኛ አመል ሆነና ይህ እንስሳ ማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ማን አመጣው እያልኩ ስፈልግ ከረምኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢ አቀርበዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ጋዜጣ ሬስቶራንት ውስጥ ምግብ እየጠበቃችሁ የምታነቡ ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኛ ከእባብ ጋር ያለን ዝምድና መልካም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለ ጥንታዊት ኢትዮጵያ የሚተረከው አፈ ታሪክ እንኳ አርዌ ከሚባል፣ ሕዝቡን ግብር ያስገብር ከነበረ ዘንዶ ንጉሥ ይጀምራል። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" የሚለውም የእኛው ተረት ነው።

የልጁ ዘንዶ ፈረንጆች "ካርፔት ፓይተን" የሚሉት ነው፤ ምንጣፍ ዘንዶ እንበለው። ስሙ የወጣለት በጀርባው ላይ ያለው ጥልፍ የምሥራቅ አገር ምንጣፍ ስለሚመስል ነው። አገሩ አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ናቸው። መርዝ የለውም፤ የያዘውን ተጠምጥሞ ገድሎ ይውጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ላሴፔድ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ሲሆን፣ ይህም በ1804 አውስትራሊያ ገና "ኒው ሆላንድ" እየተባለች በምትጠራበት ዘመን ነው። የሰጠው ስም "ስፒሎታ" ትርጉሙ ነቁጣም ማለት ነው። በ1842 ደግሞ ግሬይ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ዛሬ የሚጠራበትን "ሞሬሊያ" የሚለውን የወገን ስም አወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው የስም አወጣጥ ታሪክ ጠብ የበዛበት ነው። ዌልስና ዌሊንግተን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ራሳቸው በሚያዘጋጁት መጽሔት፣ ማንም ሊቅ ሳይገመግመው በመቶዎች ለሚቆጠሩ እንስሳት ስም አወጡ። ሊቃውንቱ ተቆጡ፤ ስሞቹ ሁሉ ይሰረዙ ብለው ለዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑም በ1991 በጉዳዩ ውሳኔ አልሰጥም አለ። በዚህ የተነሣ ከምንጣፍ ዘንዶዎች ሁለቱ ዛሬም የሚጠሩት እነዚያ ሰዎች ባወጡላቸው ስም ነው፤ የወዳጄ ልጅ ዘንዶም ከሁለቱ አንዱ ነው።

ወደ መልካቸው ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና። ምንጣፍ ዘንዶ አንድ መልክ የለውም። በሲድኒ አካባቢ ያለው "ዳይመንድ" የሚባለው ጥቁር ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቅርፊት ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ነጥብ አለበት፤ ነጥቦቹ እዚህም እዚያም ተሰብስበው አበባ ይሠራሉ። በምሥራቅ ጠረፍ ያለው ቡናማና ወይራማ ሲሆን ከሁሉም ይገዝፋል። በአህጉሩ እምብርት፣ በአሊስ ስፕሪንግስ ዙሪያ ያለው እንደ መሬቱ ቀይ ነው። በመሪና በዳርሊንግ ወንዞች ዳር ያለው ግራጫ መደብ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ጣል ጣል ያለበት ነው። በሰሜን ክዊንስላንድ፣ በአተርተን ደጋ ባለው ዝናባማ ጫካ ውስጥ የሚኖረው "ጃንግል" ደግሞ ጥቁርና ደማቅ ቢጫ ነው። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲታይ የሚጮህ ቀለም ነው፤ በጫካ ጥላና በቅጠል መሃል በሚወርደው የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ግን ያው ቀለም መደበቂያው ነው።

ገዢዎችን የሚያሳስተው ነገር እዚህ ላይ ነው። የጃንግል ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ ቢጫ አይደለም፤ ግራጫ ወይም ቡናማ፣ የደበዘዘ ነገር ነው። ቢጫው እየጎላ የሚመጣው ቆዳውን በጣለ ቁጥር ሲሆን፣ እስኪሞላ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሻጩ ግን የሚያሳየው የወላጆቹን ፎቶግራፍ ነው። ልጁ እንደ አባቱ ይሁን አይሁን በዚያን ሰዓት ማንም አያውቅም።

ምንጣፍ ዘንዶን ቤት ማኖር የአሜሪካኖችና የአውሮፓውያን ፈጠራ ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የአውስትራሊያ ገበሬ ከጎተራው ውስጥ ምንጣፍ ዘንዶ ሲያይ እያወቀ ይተወው እንደነበር ይነገራል፤ አይጥ ይጨርስለታላ። ከገበሬው በፊት ደግሞ የአገሩ ባለቤቶች ነበሩ። ስመ ጥሩዋ ባለቅኔና የመብት ታጋይ ኡጀሩ ኑኑካል፣ በ1964 የግጥም መጽሐፍ በማሳተም ከአቦርጂኖች የመጀመሪያዋ የሆነችው፣ በ1972 ባወጣችው የልጅነት ትዝታዋ ስለዚህ ዘንዶ ጽፋለች። በአባቷ ወገን ምንጣፍ ዘንዶ የጎሳው ምልክት፣ እንደ ዘመድ የሚቆጠር ስለነበር አንድ ትልቅ ዘንዶ ከቤታቸው ይኖር ነበር። እናቷ ግን ከሌላ ወገን ስለነበሩ ዘንዶው ዶሮ በበላባቸው ቁጥር ይንገበገቡ ነበር፤ እንዳያስገድሉት ደግሞ የባል ዘመድ ነው! እኔ ይህን ሳነብ የወዳጄ እናት ትዝ አሉኝ። ልዩነቱ የኡጀሩ አባት ዘንዶውን የያዙት ለመልኩ አለመሆኑ ነው።

ታዲያ ከዚያ ሩቅ አገር እዚህ እንዴት ደረሰ? አውስትራሊያ በ1982 ባወጣችው ሕግ የአገሯን አራዊት በሕይወት ለንግድ ወደ ውጭ መላክን አጥብቃ ከለከለች፤ ክልከላው ዛሬም አልተነሣም። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉት የአውስትራሊያ ምንጣፍ ዘንዶዎች በሩ ከመዘጋቱ በፊት የወጡ ወይም ከተዘጋ በኋላ በድብቅ የወጡ ጥቂት እንስሳት ዘር ናቸው። የኒው ጊኒው ወገን ግን ኢንዶኔዥያ ወደ ውጭ እንዲላክ ስለምትፈቅድ በብዛት ገብቷል። እኛ ስደተኞች ነገሩ አይጠፋንም፤ በር ሲዘጋ ቀድሞ የወጣው እዚያው በወጣበት ይዋለዳል።

ስለ ጠባያቸው የሚነገረው ግማሹ እውነት ግማሹ ወሬ ነው። ጃንግል ተናካሽ ነው፣ የመሃል አገሩ ቀይ ዘንዶ ግን ጨዋ ነው ይባላል። በጥቅሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የማንኛውም ምንጣፍ ዘንዶ ጫጩት ይናከሳል። ምነው ቢሉ፣ አንድ ክንድ የማትሞላ እባብ ወፉም ድመቱም ሊበላት የሚፈልጋት ፍጥረት ናት፤ በመጣባት ሁሉ ላይ ብትወረወር ሊፈረድባት አይገባም። በዝግታ፣ በየጊዜው በእጅ የተያዘች እንደሆነ ስታድግ ብዙውን ጊዜ ትረጋጋለች። ከጫካ ተይዞ የመጣው ደግሞ ሰው ቤት እንደተፈለፈለው አይሆንም። ሁለተኛው ንክሻ የረሃብ ነው። ምንጣፍ ዘንዶ ይበልጡን የሌሊት አዳኝ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለይባቸው ጉድጓዶች አሉት። አይጥ የነካ እጅ ሲቀርበው ሽታውም ሙቀቱም ምግብ ነው የሚለው። የእማማ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ የሚቆለፈው በክፋቱ ሳይሆን ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ሾልኮ መሄድ ስለሚያውቅበት ነው።

ስለ ጠባይ ካነሣሁ ስለ እናቲቱ ሳልናገር አላልፍም። የዘንዶ እናት እንቁላሏን ጥላ አትሄድም። ክምሩን ከባው ተጠምጥማ ሳምንታት ትቀመጣለች፤ በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ እህል አትቀምስም። ከዚህ የሚብሰው ሲበርዳት ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሙቀት መፍጠሯ ነው። እባብ ሰውነቱ ቀዝቃዛ ነው ሲባል ለኖርን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነው። ቫለንሲየን የተባለው ሊቅ በ1841 ፓሪስ ውስጥ በአንዲት የእስያ ዘንዶ ላይ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለክቶ ነበር። የሲድኒዋ ዳይመንድም እንዲሁ እየተንቀጠቀጠች እንቁላሏን እንደምታሞቅ በ1984 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። ነጋዴው አርቢ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላሉን ወስዶ በማሽን ያስፈለፍለዋል።

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል ደረስን። በ1990ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ ከምሥራቅ ጠረፍ ዘንዶዎች መሃል ከወንድሞቹና ከእህቶቹ የማይመስል ዘንዶ ተፈለፈለ። ጥልፉ የተሰባበረ፣ ቢጫው የሰፋ፣ የነብር ዘር የሚመስል ስለነበር "ጃጓር" ተባለ። (በነገራችን ላይ በዚያን ጊዜ ኖርዌይ እንዲህ ያሉትን ተሳቢ እንስሳት በቤት መያዝን በሕግ ትከለክል ነበር፤ ክልከላውን አላልታ ለ19 ዓይነቶች የፈቀደችው በ2017 ነው።) መልኩ ከአንድ ወላጅ ብቻ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ አንድ ጃጓር ያለው ሰው በአንድ ክምር ግማሹን ጃጓር ያገኛል። የልጅ ልጆቹ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሲገቡ አንዱ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር። አርቢዎችም ከጃንግሉ፣ ከዳይመንዱ፣ ከኒው ጊኒው ጋር እያዳቀሉ በየዓመቱ አዲስ መልክ አወጡ።

ይሁንና መልኩ ብቻውን አልመጣም። ጃጓርን ከጃጓር ሲያዳቅሉ ከአራቱ አንዱ ያህል ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ነጩ ከእንቁላሉ ሳይወጣ ወይም እንደወጣ ይሞታል። በሕይወት የሚያድገውም ጃጓር የነርቭ ችግር ይዞ ይወለዳል። አንዳንዱ ላይ እምብዛም አይታወቅም፤ አንዳንዱ ግን ሲናደድ ወይም ምግብ ሲያይ አንገቱ ይጠማዘዛል፣ ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ያነጣጠረውን ይስታል፣ በጀርባው ይገለበጣል። አርቢው ይህን ሲያውቅ "ለእንስሳው አይታወቀውም፣ ይበላል ይራባል" አለ። ይህን ቃል እኔ ልቀበለው አልቻልኩም። ከምዕራብ አፍሪካ ተይዞ የመጣው ትንሹ ዘንዶ፣ "ቦል ፓይተን" የሚሉት፣ "ስፓይደር" የተባለ ተመሳሳይ ጣጣ ያለበት መልክ አለው። በ2022 የወጣ ጥናት የስፓይደሮቹን ራስ በምስል ሲመረምር ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ክፍላቸው ሲፈጠር ጀምሮ የተበላሸ ሆኖ አገኘው። የጃጓሩ ምክንያት ከዚህ ጋር አንድ ነው ልል አልደፍርም። ነገር ግን ላይና ታቹን የማይለይ እንስሳ ዛፍ ላይ የሚወጣ ዘር ሆኖ መፈጠሩ ቀላል ጉዳት አይደለም። ዛሬ ዋጋው ወርዶ ማንም ልጅ በበጋ ሥራው ገንዘብ ሊገዛው ይችላል፤ አሳሳቢውም ይኸው ነው።

የሕጉ ነገር ደግሞ ትንሽ ያስቃል። የአሜሪካ መንግሥት በ2012 አራት እባቦችን ጎጂ ብሎ ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በ2015 አራት ጨመረበት። በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ፍሎሪዳን ያስጨነቀው የበርማ ዘንዶና የአፍሪካ ትልቁ ዘንዶ አሉበት። የኋለኛው በእኛም ቆላ የሚኖረው፣ ዘንዶ ስንል የምናስበው ነው። ከባለቤቶቹ ያመለጠው በማያሚ አቅራቢያ መዋለዱ ስለታወቀ ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። ምንጣፍ ዘንዶ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የእኛው ቪዛ ተከለከለ፤ የአውስትራሊያው ምድር ቤት ውስጥ ማሞቂያ ተገጥሞለት ተኝቷል። ቢሆንም በሁሉም ቦታ የተፈቀደ አይደለም። ሃዋይ ማንኛውንም እባብ ትከለክላለች፤ ሌሎች ክፍላተ ግዛትና ከተሞችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ወላጆች ከመግዛታችሁ በፊት ይህንንና የቤት ኪራይ ውላችሁን አንብቡ። ከሃያ ዓመት በላይ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ልጁ ኮሌጅ ሲሄድ ከእናንተ ጋር ይቀራል።

የወዳጄ ልጅ ያንን ቀን ሲያጫውተኝ ለካ ጃጓር ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ ኖሯል። ያነበብኩትን ስነግረው አልተከራከረኝም፤ ስልኩን አወጣና አንዱ ጃጓር አይጥ ሲቀርብለት አንገቱ እየተጠማዘዘ ሲስት የሚያሳይ ቪድዮ አሳየን። ያውቅ ነበር። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻው በላይ አዩና "ይኸማ የታመመ ነው" አሉ። "አይ እማዬ፣ አልታመመም፤ እንደዚህ ነው የሚወለደው" አላቸው። ትንሽ ዝም ብለው "ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያስወለደው?" ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አልነበረውም።

እማማ ወደ ጎንደር ተመልሰዋል። ወዳጄ እንደነገረኝ ስልክ ሲደውሉ ስለ ሁሉም ጤና ከጠየቁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ ቢጫውስ በላ?" ይላሉ።