ከላም ወተት እስከ ታሞክሲፈን

በወለንጪቲና በዙሪያዋ ከብት የሚያረባ ሰው የላምን ጠባይ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ከላም ወተት ተነሥቶ የሴትን የጡት ካንሰር ወደ ማከም የደረሰ ሐኪም ነበር ብላችሁ ግን ትጠራጠሩኝ ይሆናል።

ሐኪሙ ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ቢትሰን ነው። በ1870ዎቹ ስለ ጡት ወተት ሲያጠና፣ በአንዳንድ አገሮች የወለደች ላም ኦቫሪዋ (የእንቁላል ዕጢዋ) ከወጣላት ወተቷ ቶሎ እንደማይነጥፍ ሰማ። ኦቫሪ ከሩቅ ሆና ጡትን ታዝዛለች ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በሰኔ 1895 በግላስጎው፣ ካንሰር ያገረሸባትን የ33 ዓመት ሴት ኦቫሪዎች አወጣ፤ በወራት ውስጥ ዕብጠቱ ሟሸሸ። በ1896 ታሪኩን በላንሴት መጽሔት አሳተመ። ሴትዮዋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በሽታ ሞታለች። ሆርሞን የሚለው ቃል እንኳ የመጣው በ1905 ነው።

የምታዝዘው ኤስትሮጅን በተባለው ሆርሞን መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1962 በእንግሊዝ አገር ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች ኬሚስት ለእርግዝና መከላከያ ተብሎ የታሰበ ውህድ ሠራች። ለታሰበለት አልሆነም፤ ታሞክሲፈን ተብሎ የካንሰር መድኃኒት ሆነ። ኤስትሮጅንን አያጠፋም፤ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ።

ወደ አገራችን ልመለስ። ከ2005 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት አስትራዜኔካ የተባለው ኩባንያ ታሞክሲፈንና አናስትሮዞል ለጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነጻ ይሰጥ ነበር። በ2014 የታተመ ጥናት ከዚያው ሆስፒታል የ352 ታካሚዎችን ናሙና መርምሮ፣ 65 በመቶው ኤስትሮጅን የሚቀበል ካንሰር እንደሆነ አገኘ። ክኒኑ የሚጠቅማቸው እነዚህን ነው።

ምርጫው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በናዝሬት በኩል አዲስ አበባ እየተመላለሰች ለአምስት ዓመት በየቀኑ ክኒን መዋጥ የማትችል ሴት፣ ቢትሰን ያደረገውን አንድ ጊዜ ብታስደርግስ? በቬትናምና በቻይና ገና የወር አበባ የሚያዩ 709 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ኦቫሪ አውጥቶ ታሞክሲፈን መጨመር ዕድሜ እንደሚያራዝም በ2002 አሳይቷል። ዳሩ ግን ኦቫሪ ከወጣ ልጅ የለም፤ ሙቀቱ፣ ላቡ፣ የአጥንት መሳሳቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ልጅ ያልወለደችን ሴት መንገዱ ሩቅ ነው ተብሎ ብቻ ወደ ቀዶ ጥገና መግፋት እኔ አልደግፍም። አናስትሮዞልም ቢሆን ኦቫሪዋ እየሠራ ላለች ሴት ብቻውን አይረባትም፤ ይህን ሐኪሟ ሊነግራት ይገባል።

ሙቀቱን ለማብረድ ኤስትሮጅን መልሶ መስጠትስ? በስዊድን የተጀመረ ጥናት ይህንኑ ሲሞክር ሆርሞን በወሰዱት ሴቶች ላይ ካንሰሩ በብዛት ስላገረሸ በታኅሣሥ 2003 ያለ ጊዜው ተቋርጧል።